እንሶስላ የሞቀው መምህር

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሰው ያስፈራሁት በአንዲት ቃል ነው። ቃሏም “እጅ!” ናት።

ደብረ ታቦር ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ አባልም ስለነበርኩ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ። ከጉና የሚወርደው ብርድ ጆሮ ሲቆርጥ ተማሪው ተሰልፎ ይመጣል፤ እኔ “እጅ!” እላለሁ፤ አሥር ጣት ይዘረጋልኛል። ጥፍሩ አጭርና ንጹሕ ከሆነ “እለፍ” ወይም “እለፊ” ነው። ካደገ “ተመለስ” ነው። ቀለም የተቀባ ከሆነ ደግሞ ከካፖርቴ ኪስ አሴቶንና ጥጥ አውጥቼ አስለቅቃለሁ። ከኋላዬ “አሴቶን መጣ” እንደሚሉኝ አውቅ ነበር። ዕውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስ ይለኝ ነበር።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል የገባች ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ ሰኞ፣ በዚያ ሰልፍ ውስጥ መጣች። እኔ ከቤት ቀድሜ ስለምወጣ አላየኋትም ነበር። “እጅ!” ብዬ ቀና ስል የራሴ ልጅ ናት፤ ጥፍሯ ደግሞ እንደ አተር አበባ ሐምራዊ ሆኗል። “የራሱን ልጅ አሳለፈ” እንዳይሉኝ ፈራሁ ብዬ ለብዙ ዓመት ለራሴ ስናገር ኖሬያለሁ። ከፍርሃቱ ኩራቱ ይበልጥ ነበር። ለማንም የማላዳላ ፍትሐዊ ሰው መሆኔን የማሳይበት ቀን መጣልኝ አልኩ። በሰልፉ ሁሉ ፊት እጇን ይዤ አሥሩንም ጣት አንድ በአንድ ጠረግሁት።

አላለቀሰችም። ሰባተኛው ጣት ላይ ስደርስ ብቻ ቀስ ብላ፣ “አባባ፣ አያቴ እንሶስላ ትሞቅ አልነበረም? እሷን ማን መለሳት?” አለችኝ።

እንሶስላ በእርጥብ ቦታ የሚበቅል ተክል ነው። ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር ላይ፣ ይልቁንም ጥፍር ላይ ሲያድር ያቀላል። እናቴ ለበዓልና ለሠርግ ትሞቀው ነበር፤ ልጄም አያቷን ስታይ አድጋለች።

“እንሶስላ የአገር ነው። ይኼ ትናንት ከፈረንጅ የመጣ ነው” አልኳት።

“ማን ነገረዎ?”

ማንም አልነገረኝም። እንዲሁ ከአፌ የወጣ ነው። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሦስት መቶ ተማሪ እየሰማ “አላውቅም ልጄ” አይባልም። “እለፊ” አልኳት።

አለፈች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እጇን ሰጥታኝ አታውቅም። ሻይ ስታቀብለኝ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቷ ጫፍ ትስባለች። ለሰላምታ ጉንጬን ትስመኛለች፤ እጇ ግን ከጀርባዋ ነው። አልተኳረፍንም፤ እንጫወታለን፣ እንሳሳቃለን፣ ባሕር ዳር ተምራ ፋርማሲስት ስትሆን ከእኔ በላይ የዘለለ የለም። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የልጄን ጥፍር አላየሁም። ነገሩ ያመኝ ነበር። ይቅርታ ማለት ደግሞ አልችልበትም፤ አባቴም አይችልበትም ነበር።

ይቅርታ የማይችል ሰው ምን ያደርጋል? ያጠናል።

በዚያው ሳምንት አንድ ደብተር ገዛሁ። ሽፋኑ ላይ “የጥፍር ቀለም ታሪክ” ብዬ ጻፍሁ። ዓላማዬ አንድ ብቻ ነበር፤ ነገሩ ትናንት ከፈረንጅ የመጣ መሆኑን በማስረጃ አረጋግጬ ልጄን መርታት። የቤተ መጻሕፍቱን አሮጌ ኢንሳይክሎፔዲያ አገላበጥሁ፤ በኋላም ስልኬ ኢንተርኔት ሲያውቅ እሱንም አላስቀመጥሁት። መጀመሪያ ያገኘሁት ነገር አስጨፈረኝ። የዛሬው ጠርሙስ ቀለም የተወለደው ከመኪና ቀለም ነው፤ መኪናውን ከሚያብለጨልጨው ዓይነት ቅባት ለጣት የሚሆን ተሠራ። እራት ላይ ለባለቤቴ፣ “የመኪና ቀለም እኮ ነው! ልጆቹ ጣታቸው ላይ ሚኒባስ ነው የሚቀቡት!” አልኳት።

“መኪናውስ ቢሆን ከፈረንጅ አይደል የመጣው? ትሳፈርበት የለም?” አለችኝና ሽሮዋን ጨለፈች።

ከዚያ በኋላ ማስረጃው ሁሉ ፊቱን አዞረብኝ። የግብፅ ሰዎች ከነቀይ ጥፍራቸው ተገንዘው ተገኝተዋል፤ ያቀላው ሂና የሚባል ቅጠል ነው። የባቢሎን ተዋጊዎች ወደ ጦር ሜዳ ሲወጡ ጥፍራቸውን ይኳሉ ነበር ይባላል፤ ወንዶች ናቸው እንግዲህ። በቻይና ሴቶች የአንድ አበባ ቅጠል ሸብ ከሚባል ማዕድን ጋር ወቅጠው ጥፍራቸው ላይ ያሥሩት ነበር። በኮሪያም ልጃገረዶች ያንኑ አበባ ያሥራሉ፤ ቀለሙ የመጀመሪያው በረዶ እስኪጥል ከቆየ የመጀመሪያ ፍቅር ይሰምራል ይላሉ። ይህን ያነበብሁ ዕለት መስኮቱን ከፍቼ ጉናን አየሁት። እኛ ዘንድ በረዶ ሲጥል ገብስ ነው የሚያጠፋ እንጂ ፍቅር ሲያሰምር አልሰማሁም።

ያ አበባ በሳይንስ ስሙ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ስፈልግ ግን ከወንበሬ ተነሳሁ። ከእንሶስላ ጋር አንድ ወገን ነው! የእኛ እንሶስላ የአጎት ልጅ ቻይና ውስጥ ጥፍር ሲያቀላ ኖሯል። ወደ ጓሮ ወጣሁ። እናቴ ከመሞቷ በፊት ከቧንቧው ሥር ውኃ በሚንጠባጠብበት ቦታ የተከለችው እንሶስላ እስከ ወገቤ አድጎ፣ ነጭ አበባውን አንጠልጥሎ ቆሟል። ለዓመታት እግሬን የምታጠበው አጠገቡ ቆሜ ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ መርታቱን ረሳሁት። ጥናቱ ራሱ ጣፈጠኝ። ሰው ቅዳሜውን ኳስ ሲያይ እኔ ጥፍር ሳሳድድ እውላለሁ። ለቅሶ ቤት ገብቼ የሟችን ፎቶ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ጣቷ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ጣራ ገዳም ድረስ ወጣሁ። በጥንት ሥዕል ውስጥ ቀለም የተቀባ ጥፍር ይኖር እንደሆነ ለማየት ነው። ከዳገቱ ትንፋሼ ተቆራርጦ፣ መነጽሬን በግንባሬ ሰቅዬ፣ ሥዕሉ ላይ አፍንጫዬን ላስነካ ምንም ሲቀረኝ አንድ መነኩሴ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል።

“ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?”

“አባ፣ የቅዱሳኑን ጥፍር እያየሁ ነው።”

ሥዕሉንም እኔንም አዩ። “ሰው እዚህ ድረስ ወጥቶ ፊታቸውን ያያል” አሉ፤ “አንተ ጥፍራቸውን። ይሁን። ኸታች የጀመረ ቀስ እያለ ወደ ላይ መውጣቱ አይቀርም።”

ሠዓሊው ጣቱን ሁሉ አስረዝሞ ጥፍሩን ዘሎታል። ደብተሬ ላይ “ጣራ ገዳም፤ ጥፍር የለም” ብዬ ጽፌ ወረድሁ።

የቸገረኝ የእኛው አገር ታሪክ ነበር። የቻይናውን በአንድ ሌሊት አነበብሁ፤ የአገሬን የፋርጣን ግን የሚነግረኝ አጣሁ። የሚያውቁት እናቶች ናቸው፤ እናቶች ደግሞ ለወንድ አይነግሩም። ስጠይቃቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። አንዷ እንዲያውም፣ “መምህር፣ ኸዚህ ሌላ የሚያጠኑት አጡ?” ብላኛለች። የእኛ እናቶች ጥፍር መቅላቱን እንጂ በምን ጥበብ እንደቀላ የያዘ ወረቀት የለም።

ደብተሩ ሦስት ሲሆን ልጄ ልታገባ ነው ተባለ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። በኅዳር መጨረሻ ባለቤቴ ባሕር ዳር ከምትሠራው ልጃችን ጋር በስልክ ስታወራ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች። “ልጅህ የውበት ሳሎን አልፈልግም፣ አያቴ እንደምትሞቀው እንሶስላ ነው የምሞቀው አለች። እኔ ደግሞ አልችልበትም፤ የእናትህ እጅ ነበር የሚያውቀው።”

“ለእኔ ተዉት!” አልኩ። ድምፄ ሳላስበው ጮኸ።

“አንተ ደግሞ! እዚያ ክፍል ወንድ ይገባል እንዴ?”

አይገባም። እኛ አገር ሙሽራ እንሶስላ የምትሞቅበት ክፍል የሴቶች ነው፤ አባትም ቢሆን ከደጅ ነው የሚቀር። ግን ለባለቤቴ ልነግራት የማልችለው ነገር ነበር። ያንን ሙያ ተምሬ፣ አስተካክዬ፣ እንደ አያቷ አድርጌ ባቀርብላት ምናልባት ልጄ እጇን ታሳየኛለች ብዬ አሰብሁ። ምናልባት እኔም የማልችለውን ቃል በእንሶስላ አፍ እናገረው ይሆናል።

ገበያ ውስጥ የእንሶስላ ሥር በመደብ በመደብ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ለምኜ፣ ደጋግሜ ለምኜ፣ ሐሙሲት ያሉ አክስቷ ዘንድ ላከችኝ። “ኸሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ግን አፋቸውን ይቻሉት” አለችኝ።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደራ ውስጥ ያለችው ሐሙሲት ደረስሁ። እማማ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ደቃቃ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሴት ናቸው። ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ከአገር አገር የመጣሁበትን ጉዳይ ሁሉ፣ ባቢሎንንም ቻይናንም ጨምሬ አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

“ታዲያ ይህን ሁሉ የምታውቅ ኸሆነ ኸኔ ዘንድ ምን አመጣህ?”

“ሥራውን አላውቀውም እማማ። አሳዩኝ፤ እጽፈዋለሁ።”

“ተጽፎ አይሞቅም። እኔ በአፍ አላስተምርም፤ እጅ አምጣ።”

“የማንን እጅ?”

“ኸትከሻህ ላይ የተንጠለጠለው የማን ነው?”

ወንድ ነኝ፣ መምህር ነኝ፣ ሰኞ ሥራ አለኝ አልኳቸው። “‘ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቃል’ ሲሉ የኖሩት ሽማግሎች ዛሬ ቢያዩህ!” አሉና ሳቁብኝ። አውራ ጣቴን ብቻ ላበድር ብዬ ተደራደርሁ። “አውራ ጣት ብቻውን አይዳርም” ብለው እጄን ጎትተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ሥሩን አጥበው፣ ልጠው፣ በትንሽ ሙቀጫ ወቀጡት። ነጭ የነበረው ሥር አየር ሲነካው ቀላ፤ ሽታው ክረምት የገባ ቀን የሚሸት አፈር ነው። ጥፍሬ ላይ ከማድረጋቸው በፊት ግን አንድ ነገር አደረጉ። ከመሶባቸው ሥር አንዲት እንክብል ሰም አወጡ፤ በጣታቸው መካከል አሞቁና ከጥፍሬ ሥር፣ ነጩ ጨረቃ ያለበት ላይ ቀጭን አድርገው ለጠፉት።

“ይኼ ምንድን ነው እማማ?”

“ጨረቃዋን መደበቂያ ነዋ። ሰሙ ባለበት እንሶስላው አይዝም። ሲነሣ ጥፍሩ ቀይ፣ ጨረቃዋ ነጭ ትሆናለች። እናቴ ሙሽራን እንዲህ ነበር የምታሞቅ። ዝም ብሎ መንከርማ ማንም ይነክራል።”

በሌላ አገር ወይዛዝርት የጠርሙሱ ቀለም ገና እንደመጣ የጥፍራቸውን ጨረቃ ባዶ እየተዉ ይቀቡ እንደነበር አንብቤአለሁ፤ ሁለተኛው ደብተር ላይ ሥዕሉን ገልብጬዋለሁ። እማማ ያን ሥዕል አላዩም፤ እናታቸውም አላዩም። ደራ ውስጥ አንዲት ሴት በንብ ሰም ያንኑ ጨረቃ ስትሠራ ኖራለች። እንባዬ መጣ። እማማ አመመው ብለው፣ “አይዞህ፣ አይነድም” አሉኝ።

አሥሩንም ጣት በእንሶስላ ሸፍነው፣ በጉሎ ቅጠል ጠቅልለው፣ በክር አሠሩልኝ። “እቤትህ ስትደርስ ፍታው” ብለው አስወጡኝ።

በአሥር የታሠሩ ጣቶች ሚኒባስ ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው ምን ያህል በጣቱ እንደሚኖር አያውቅም። አጠገቤ የተቀመጡት እናት አዘኑልኝ። “ውይ ልጄን! እሳት ነው?”

ውሸት አልችልበትም። “እንሶስላ ነው” አልኩ።

መኪናው ሙሉ ሰው ዞሮ ጣቶቼን አየ። ከዚያ ሾፌሩ ጭምር በሳቅ ፈነዳ። በመካከሉ ስልኬ ጮኸች። እናትየዋ ከኪሴ አውጥተው ጆሮዬ ላይ ያዙልኝ። ርዕሰ መምህሩ ነው። ሰኞ ከዞን እንግዶች ስለሚመጡ የበሩ ቁጥጥር ጠበቅ እንዲል ፈልጓል። “አደራ መምህር፣ በተለይ ጥፍር!” አለኝ። እናትየዋም ሰምተው ኖሮ እስከ ወረታ ድረስ “በተለይ ጥፍር” እያሉ ሲስቁ መጡ።

ቤቴ ደርሼ ብፈታው ቀለሙ ፈዛዛ ነበር፤ የደከመ ሻይ ይመስላል። “አልያዘም! በከንቱ ተሳቀብኝ” አልኩ። ግማሹ ልቤ አዘነ፤ ግማሹ ስለ ሰኞ ተነፈሰ። እንሶስላ ሲፈታ ፈዞ፣ እያደር እንደሚጠቁር የነገረኝ የለም። ሦስት ደብተር ሙሉ ጽፌ ይህቺን አላወቅኋትም።

እሑድ ጠዋት ጥፍሬ እንደ ደረቀ በርበሬ ቀልቶ፣ ከሥሩ አሥር ነጫጭ ጨረቃዎች ወጥተውበት ተነሣሁ። እጅግ ያምራል። ግን ሰኞ አለ። በሳሙና አሸሁት፤ የለም። ዝናዬን ያቆመውን አሴቶን አመጣሁ፤ ምንም። በኋላ ሎሚ ሁለት ቦታ ቆርጬ ጣቶቼን አንድ በአንድ ስፈትግ አረፈድሁ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች። ከሎሚው በኋላ ቀለሙ ጭራሽ ባሰበት። ማክሰኞ እማማ ዘንድ ስደውል ምን እንዳሉኝ ልንገራችሁ፤ “ሎሚማ ማስያዣው እኮ ነው! እኔ ኸሠራሁት አንተ ያስያዝኸው በለጠ!” ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያለ ሰው እንሶስላን ረስቷል።

ሰኞ የባለቤቴን የሱፍ ጓንት አድርጌ በሩ ላይ ቆምሁ። ብርድ ስለነበር ማንም አልጠረጠረም። “እጅ!” እላለሁ፣ “እለፍ” እላለሁ፤ የዞኑ እንግዶችና ርዕሰ መምህሩ ከጎኔ ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰልፉ ሊያልቅ ሲል አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ቀይ ጥፍሯን ዘረጋችልኝ። አሥራ አራት ዓመት የለመደ እጅ ባለቤቱን አያማክርም። ጓንቴን አውልቄ ኪሴ ከትቼ፣ ጠርሙሱን ከፍቼ፣ ጥጡን ነክሬ፣ እጇን ልይዝ ስዘረጋ ነው ልጅቷ ዓይኗ የፈጠጠው።

የእሷ አሥር ቀይ ጥፍር፣ የእኔ አሥር ቀይ ጥፍር። የእኔው እንዲያውም በጨረቃ ያጌጠ።

“መምህር” አለች ልጅቷ፣ “የእርስዎስ?”

ሰልፉ አንገቱን አስግጎ አየ። ያን ጊዜ የታየችኝ ይህቺ ልጅ አልነበረችም። አሥራ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ፣ ሰባተኛው ጣት ላይ ደርሼ ቆምሁ። ጠርሙሱን ከደንሁት። “እለፊ” አልኳት።

ርዕሰ መምህሩ ፊቱ እንደ እኔ ጥፍር ቀላ። “መምህር፣ ይኼ ምንድን ነው?” ሲለኝ ከዞን ከመጡት አንዷ ሴት፣ “እንሶስላ ነው እንጂ! ጨረቃዋን ማን ሠራት?” ብላ እጄን ይዛ ማገላበጥ ጀመረች። ያዳነችኝ እሷ ናት። ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ መድረክ ላይ ወጥቼ እንዳስረዳ ተደረገ። አሥር ደቂቃ ተናገርሁ። ስለ ግብፅ፣ ጥፍራቸውን ስለሚኳሉ የባቢሎን ወታደሮች፣ ስለ ቻይና አበባና ስለ ሐሙሲት ሰም ነገርኋቸው። በመጨረሻም ይህን አልኩ፤ “በዚህ በር ላይ አንዲት ተማሪ ጥያቄ ጠየቀችኝ። መልሱን ሳላውቅ መለስሁላት። መልሱን ለማግኘት አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ትክክል እሷ ነበረች።” ማን እንደሆነች አልተናገርሁም።

ያን ያህል ሲጨበጨብልኝ የመጀመሪያዬ ነው። ከበሩም በዚያው ቀን ተነሣሁ። የቀለሙን ጉዳይ ኮሚቴው እንዲያየው ተወሰነ፤ ኮሚቴው እስካሁን እያየው ነው።

ተማሪ ስልክ አለው፤ ንግግሬ ከእኔ ቀድሞ ባሕር ዳር ገባ። ማታ ልጄ ደወለች። ሳቋ ከቃሏ ቀደመ። “አባባ፣ ጓንት አድርገው ቆመው ነበር?” እያለች ደጋግማ ሳቀች። ይቅርታ የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ድረስ መጥታ ተመለሰች። “ጥር ላይ እመጣለሁ” አለችና ዘጋች።

የእንሶስላው ቀን ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ከሰዓት በኋላ ነበር። ከጓሮ የእናቴን እንሶስላ ቆፈርሁ፤ ሥሩን አጠብሁ፣ ላጥሁ፣ ወቀጥሁ። እኅቶቼም የባለቤቴ እኅቶችም መጥተው ክፍሉ ሞልቷል፤ እልልታው ከደጅ ይሰማል። ሙቀጫውንና ሰሙን በሩ ላይ ለባለቤቴ አቀብዬ፣ ሙያውን እንደ ትምህርት ሦስት ጊዜ ደግሜላት፣ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። አንድ ደቂቃ አልቆየም፤ ክፍሉ ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሣ። ሰሙ አልያዝ ብሏል። አንዷ በጣም አሞቀችው፣ ፈሰሰ፤ ሌላዋ ሳታሞቀው ለጠፈችው፣ ወደቀ። “ይቅር በቃ፣ ጨረቃ ምን ያደርጋል?” አለች አንደኛዋ። “እሱን እንጥራው” አለች ባለቤቴ። “ወንድ? እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ!” አለች ታላቅ እኅቴ። ተንጫጩ።

ቆይቶ በሩ ተከፈተ፤ የወጣችው ልጄ ናት። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ እጆቿ ከጀርባዋ ናቸው። በሩን ሞልታ ቆመች። ተነሥቼ ወደ እሷ ስጠጋ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ በዚያ በማውቀው ድምፅ፣ በራሴው ድምፅ፣

“እጅ!” አለች።

አሥሩንም ጣቴን ዘረጋሁ። ቀለሙ ገና አለ፤ ጥፍሬ ግን አድጎ ጨረቃዎቹ ሰፍተዋል። አጎንብሳ አንድ በአንድ አየቻቸው። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ቆየች። እኔም ቃሌን አገኘኋት።

“ልጄ፣ ያን ቀን በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።”

ቀና አላለችም። ስትመረምር ቆየችና፣ “ይለፉ” አለችኝ።

እጇን ከጀርባዋ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ጣቷ የእናቴ ጣት ነው፤ ይህንን አላውቅም ነበር። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልኝ። አጠገቧ ተቀመጥሁና ሰሙን በጣቴ መካከል ማሞቅ ጀመርሁ።